ሐዘን ክፍል ውስጥ ተነግሯል

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። እንጅባራ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መስኮቷ የባጃጅ መቆሚያውን በምታሳይ አንዲት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜዬን ፋይል ሳስገባና ሳወጣ ፈጅቼዋለሁ። አዲስ ኃላፊ በመጣ ቁጥር «ይህን መዝገብ ቤት እናዘምነዋለን» ይላል፤ ሲሄድ ያዘመነው የራሱን ወንበር ብቻ ሆኖ ይገኛል። እኔ ግን የፈለጋችሁትን ደብዳቤ ስጡኝ፣ የት እንደሚገባ ፊቱን አይቼ እነግራችኋለሁ። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ነው። ጉድ የሠራኝም ይኸው ኩራት ነው።

የከተማችንን የስልክ የወሬ ግሩፕ የከፈተው ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤታችን ነው። መናኸሪያው አጠገብ ሁለት ወንበር ያላት ቤት አለችው። መላጣው ሳይቀር ለወሬ እየገባ ወንበር ሲይዝበት፣ «ወሬውን ወደ ስልክ ባዛውረው ወንበሬ ይለቀቅልኛል» ብሎ አሰበ። አልተለቀቀለትም። ሰዉ አሁን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ግሩፑ ላይ ይጽፋል።

ግሩፑ ግን አደገ። የእንጅባራ ሰው ገባ፣ የዳንግላ ሰው ገባ፣ ከአዘና ድንች ነጋዴዎቹ ገቡ፣ ከዩኒቨርሲቲው መምህራኑ ገቡ፣ እኔ ከምጸልይበት ጉባኤም ከመዘምራኑ ግማሹ ገባ። ሁሉም በአንድ በር ገብቶ አንድ ላይ ይናገራል። አንድ ቀን አንዱ ጊደር ጠፋችብኝ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ አንዲት እናት ልጄን ሳል ይዞታል ምን ላድርግ አለች። ከእሷ ሥር የአንድ የዳንግላ ሰው አባት ማረፋቸው ተነገረ። ወዲያው ደግሞ ጊደሯ ተገኘች። ሰዉ ተሽቀዳድሞ «እንኳን ደስ አለህ!»፣ «ተመስገን ነው፣ ከስንት ጭንቅ ተገላገልክ!» እያለ ጻፈ። ያ ሁሉ ደስታ የወረደው ከለቅሶው ሥር ነው። የሟች ልጅ ለፀጉር አስተካካዩ ደውሎ ሰደበው። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ጸሎት ቤት የምመላለስ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ግን በቃሉ ይዞታል፣ ለጠየቀው ሁሉ ይነግረዋል።

በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጣ። መቀሱ ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ነበር።

«እህቴ፣ አንቺ ወረቀት ትለያለሽ አይደል?»

«እለያለሁ።»

«ሰው ለይልኝ።»

ለካስ አንዱን ግሩፕ በውስጡ ብዙ ክፍል አድርጎ መከፋፈል ይቻላል። ለድንች አንድ ክፍል፣ ለጤና አንድ ክፍል፣ እንዲህ እያለ። ሰው የሚፈልገው ክፍል ገብቶ ያነባል፣ የማይፈልገውን ድምፁን ያጠፋዋል። ይህን ሲያሳየኝ ልቤ እንዴት እንደመታ ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ሲያጨኝ እንዲያ አልመታም ነበርና።

ሳምንት ሙሉ ሠራሁ። በመንግሥት ሰዓት ነው የሠራሁት፣ አልክድም፤ ኔትወርክ የለም ተብሎ የቢሮው ኮምፒውተር ተሸፍኖ ነበር፣ የእኔ ስልክ ኔትወርክ ግን ደኅና ነበር። ዐሥራ አራት ክፍል አወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን እያንዳንዱን ስም ሦስት ጊዜ እየጻፍኩ እየሰረዝኩ ነው የመረጥኩት። «የጠፋ ዕቃና ከብት» አንድ ክፍል አደረግሁ፣ «የተገኘ ዕቃና ከብት» ሌላ ክፍል። በፋይል አሠራር ትክክል ነው። ሰው ግን ፋይል አይደለም። ከብት የጠፋበት ሁሉ የጠፋው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ያገኘው ደግሞ የተገኘው ክፍል ውስጥ «የማን ናት?» እያለ ብቻውን ሲጠይቅ፣ አንድ የአዘና ነጋዴ በግ ሁለት ሳምንት የሰው ሣር በላች።

«መንፈሳዊ» የሚለው ክፍል ደግሞ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ጦፈ። ኦርቶዶክሶቹና እኛ ጴንጤዎቹ ስለ ጾም ጀምረን የማን አያት ምን እንደነበሩ እስከ መዘርዘር ሄድን። እኔም ዝም አላልኩም፣ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጥሩ ጥቅስ ወርውሬያለሁ። ከዚያ አስተዳዳሪነቴ ትዝ አለኝና ክፍሉን ለሁለት ከፈልኩት። በዚያው ቀን ሁለቱም ክፍሎች ጸጥ አሉ። የሚከራከረው ካጣ በኋላ ስለ አምላኩ የሚናገረው ያለው ሰው አልተገኘም። «የከተማችን ልማት» የሚለውን ክፍል የከፈትኩት ለወጉ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ጽፎበታል፣ እሱም ተሳስቶ ነው የገባ።

ሕዝቡ የት ሄደ? «ሌላ ሌላ» ውስጥ። ለቀረው ቅራቅንቦ ብዬ መጨረሻ ላይ የጨመርኳት ክፍል ናት። ሁሉም እዚያ ገብቶ እንደ ድሮው ተደባልቆ ያወራል። እኔ ደግሞ እየተከተልኩ፣ የድንቹን ወደ ድንች፣ የሳሉን ወደ ጤና እያስተላለፍኩ ከዚያ አጠፋለሁ። ባለቤቴ ምሳ ስንበላ ስልኬን እያየ «አሁን ማንን እያዛወርሽ ነው?» ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ዘንገናው አባት መናገር አለብኝ። ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ በእግር የሚገባበት መንደር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ሰባውን ተሻግረዋል። ስልኩን ልጃቸው ገዝታ ሰጥታቸው፣ ግሩፑ ውስጥ ያስገባቸው ፀጉር አስተካካዩ ነው። አይጽፉም፣ ድምፅ ነው የሚልኩ። አጠገባቸው ደግሞ ሁልጊዜ ታላቅ እህታቸው አሉ። እኒያ ሴት እግራቸው ታሞ ከቤት መውጣት ከተዉ ቆይተዋል፤ የአገሩን ወሬ የሚሰሙት በወንድማቸው ስልክ ነው። ስለዚህ የሽማግሌው መልእክት ምንጊዜም የሁለት ሰው ነው። እሳቸው በአማርኛ ስለ ዝናቡና ስለ ፈረሳቸው ሲናገሩ፣ እህታቸው ከኋላ በአዊኛ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ሽማግሌው ይስቃሉ፣ ቀጥለው ራሳቸውም በአዊኛ ይመልሳሉ፣ አዊኛ የሚሰማው የግሩፑ ሰው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይስቃል። እኔ አልስቅም። አባቴ በሥራ ተዛውሮ የመጣ የሩቅ አገር ሰው ነበር፤ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አርጅቼ አዊኛዬ ከሰላምታ አያልፍም።

ሽማግሌው ለቅሶ አይቀሩም። የማንም ይሁን፣ ግሩፑ ላይ ከተነገረ ይመጣሉ። አባቴ የሞተ ጊዜ በዶፍ ዝናብ ከዘንገና ድረስ መጥተው፣ ጭቃቸውን በር ላይ አራግፈው ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። አባቴን አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያጽናኑን ከርመው ነው የሄዱት።

እኔ ታዲያ እኒህን ሰው ምን ክፍል ላስገባቸው? አንዱ መልእክታቸው ውስጥ ዝናብ አለ፣ ፈረስ አለ፣ የጎረቤት ሐሜት አለ፣ የቀረውን ጭራሽ አልሰማውም። ተጨነቅሁና «አዊኛ» የሚል ክፍል ከፈትኩ። የሳቸውን ድምፅ በሙሉ፣ የድሮውንም ጭምር፣ ወደዚያ አስተላለፍኩ። በማግስቱ «ሌላ ሌላ» ውስጥ በአማርኛ ድምፅ ላኩልኝ።

«ልጄ፣ ሰው በአማርኛ ስለ ድንች ሲያወራ ድንች ክፍል ትከችዋለሽ። እኔ በአዊኛ ስለ ድንች ሳወራ ለምን አዊኛ ክፍል ትከችኛለሽ? ቋንቋ ወሬ ነው እንዴ?»

ከኋላ እህታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሳቅ ሆነ።

«ለአሠራር እንዲያመች ነው አባባ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ መልስ ለታጣለት ጥያቄ ሁሉ የምንሰጠው መልስ ነው። እሳቸውም እንደ ፈለጉ መላካቸውን ቀጠሉ፣ እኔም ማዛወሬን ቀጠልኩ።

«ሐዘን» የሚለውን ክፍል በተመለከተ ግን ማንም ቅሬታ አላቀረበም። ሁሉም ወደደው። ከአሁን በኋላ ማንም ከለቅሶ ሥር እልል አይልም ተባለ። ችግሩ አንድ ሰው ሲሞት ግሩፑ በሙሉ «ነፍስ ይማር» ይጽፋል፤ አንዱም ላይቀር። ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ኪስ ውስጥ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ስለዚህ ሰዉ አንድ በአንድ፣ ለማንም ሳይናገር፣ የዚያን ክፍል ድምፅ አጠፋው። ፀጉር አስተካካዩም አጥፍቶት ነበር። አላወቅሁም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ከዘንገናው አባት ድምፅ መጣ። «ሌላ ሌላ» ውስጥ ነው የላኩት። አጭር ነው። ከኋላ የሚናገር ሰው የለም።

«እህቴ አረፈች። ቀብሯ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው።»

ደነገጥኩ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ድምፁን ወደ «ሐዘን» አስተላለፍኩና ከ«ሌላ ሌላ» ሰረዝኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከድንጋጤዬም ጋር፣ ይቅር ይበለኝ፣ በፍጥነቴ ረካሁ። ከሥሩ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብዬ ጻፍኩ። የዚያን ቀን ቁጥጥር ይመጣል ተብሎ ማኅተም ያልተመታበትን ሁሉ እየፈለግን ስንመታ ነበር። ሰዉ ይሄድላቸዋል፣ እኔ ቅዳሜ እደርሳለሁ አልኩ። ቁጥጥሩ አልመጣም።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ስልኬ ላይ አንዲት መስመር አየሁ። ሽማግሌው ከግሩፑ ወጥተዋል ትላለች። ሌላ ምንም አልተጻፈም። ወዲያው ፀጉር አስተካካዩ ደወለ።

«እኒህ ሰው ምን ሆነው ነው የወጡት? ምን ብለሻቸው ነው?»

«ምን እላቸዋለሁ? እህታቸው አርፈውባቸው ሐዘን ላይ ናቸው እኮ።»

«መቼ?»

«ትናንት። አልሄድክም እንዴ?»

«ማን ነግሮኝ?»

«ሐዘን ክፍል ውስጥ ተነግሯል!» አልኩ። እውነት እላችኋለሁ፣ በቁጣ ነው ያልኩት፤ ደብዳቤ አልደረሰኝም የሚለኝን ባለጉዳይ በምቆጣበት ድምፅ።

የመቀሱ ድምፅ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እሱን ክፍል ዘግቼዋለሁ» አለኝ።

ክፍሉን ከፍቼ አየሁ። ከሽማግሌው ድምፅ ሥር የኔ ጽሑፍ ብቻ አለ። ለማያውቁት ሰው ለቅሶ በዝናብ የሚመጡት ሰው፣ እህታቸውን ሲቀብሩ ከግሩፑ አንድ ሰው አልሄደላቸውም። ተነሥቼ መደርደሪያዎቹን አየኋቸው፤ ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ያን ጊዜ በእግሬ ብረግጣቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘጋ። አንዱን ሰው ግማሽ ጭንቅላቱን ቆርጦት ነበር ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሰውየው ባርኔጣ አድርጎ አብሮን መጥቷል። ሐሙስ ጠዋት ለዐሥራ ሁለት ሰው የተሠራች ሚኒባስ ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ሆነን ተጨናንቀን ሄድን። ከመዘምራን ሦስት፣ ከድንች ነጋዴዎቹ አራት፣ ስለ ጾም የተሰዳደብነው ዲያቆንም እኔ ላይ ተቀምጦ ነው የሄደ ማለት ይቻላል። አስፋልቱ ላይ ወርደን የእግር መንገዱን ያዝን። ጉም ነበር፤ ከብቶች በመካከላችን ያልፋሉ፣ ጭቃው ጫማችንን እየላቀቀ ያስቀራል። ሁሉም እኔን ላለማየት ይጠነቀቅ ነበር፤ እኔም ይህን እያየሁ ነበር።

ሽማግሌው ዳሱ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ስንመጣ አሻግረው አዩን፤ ተነሡ። በሙሉ ዐይናቸው አንድ በአንድ ቃኙንና፦

«ግቡ፣ ግቡ» አሉ። «እንዴት ነው፣ በየክፍላችን እንቀመጥ ትላላችሁ ወይስ ተደባልቃችሁ?»

ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ እንዴት እንደሚያስጨንቅ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ፀጉር አስተካካዩ ሳል አስመሰለው። እኛም አንገታችንን ደፍተን ገብተን ተደባልቀን ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበ። ሽማግሌው ራሳቸው ጀመሩ።

«መልእክቴን ማን ነው ያነሣው?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«ለምን ልጄ?»

«ሥርዓት እንዲይዝ ብዬ ነው።»

«እህቴ ሥርዓት ጎደላት?»

ዕንባዬ መጣ። ለመልስ አፌን ብከፍት «ለአሠራር» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ተቀምጧል፤ ዋጥኩት። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ትንሽ ቆይተው ስልካቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። «ተናድጄ ስወጣ ድምፅዋ ሁሉ ጠፋ» አሉ። «የት ሄደ? ልጄን ብጠይቃት ካልተመለስክ አይገኝም አለችኝ።»

ስልኩን ተቀብዬ መልሼ አስገባኋቸው። የ«አዊኛ» ክፍልን ከፈትኩ። ሁሉም አሉ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ አንድም ሳይጎድል፣ እኔው በእጄ ያስተላለፍኳቸው። ሽማግሌው አንዱን ነኩት። የራሳቸው ድምፅ ስለ ገብሱ ይናገራል፤ ከኋላ የሟች ድምፅ ገባ። ዳሱ ውስጥ የነበሩት የመንደሩ ሴቶች አለቀሱ። ቀጥሎ ግን አንዷ ፈገግ አለች፣ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ምን አሉ?» አልኩት ፀጉር አስተካካዩን።

«ተይው።»

«ንገረኝ!»

ሽማግሌውን አየ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱለት። «ይቺ ሴትዮ ቤቷ ወጥ ስትሠራም ጨውን ለብቻው፣ በርበሬውን ለብቻው ነው ለባሏ የምታቀርበው? ነው ያሉት።»

ሌላውን ከፈቱ። «ይኼኛውስ?» አልኩ።

«እኔ ስሞት ደግሞ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቁጭ ብላ፣ የእግር ሕመም በዚህ፣ የሆድ ሕመም በዚያ ስትል ታየኛለች።»

ወራት ሙሉ አንድ በአንድ እያነሣሁ በክብር ያስቀመጥኩት የራሴን ስድብ ነበር። አዊኛ የሚሰማው ሁሉ ሲስቅ የነበረው በኔ ነው። ሽማግሌው ዕንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ መልሼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን እንዲከፍቱ ለመንኳቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጠን ሰማናቸው። ከሁሉም የገረመኝ፣ ሴትዮዋ እኔን አንድ ቀን እንኳ ሳያዩኝ ባለቤቴ ዐሥራ አምስት ዓመት ሊለኝ የፈራውን ሁሉ ብለውኛል።

ልንሄድ ስንነሣ ሽማግሌው ስንት ክፍል እንዳለ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ምን ይሠራል ይኼ ሁሉ?» አሉ። «ሁለት ይበቃል። ሰው ሲሞት አንድ፣ ሰው ሳይሞት አንድ። ሰው ሲሞት የተባለው ውስጥ ደግሞ ማንም ነፍስ ይማር ብሎ አይጻፍ። ማለት የፈለገ በእግሩ ይምጣና ይበል።»

በዚያው ሳምንት እሳቸው ያሏቸውን ሁለቱን አስቀርቼ የቀሩትን ክፍሎች ዘጋሁ። ሦስተኛ ላስቀር የለመንኩት «አዊኛ»ን ነበር፤ እሱን ክፍት ትቼ ለሚናገር ሳይሆን ለሚሰማ ብቻ አደረግሁት። እና አሁን አዊኛ እየተማርኩ ነው። መምህሬ ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ባለቤቴ ሲቆረጥ ሌላኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ እማራለሁ። እስካሁን አጥርቼ የማውቀው ስድብ ብቻ ነው፣ መማሪያዬ ያው ነውና።

«ሰው ሲሞት» የሚለው ክፍል ድምፅ አሁን የማንም ስልክ ላይ አልተዘጋም፤ ሲጮኽ ሁሉም ይደነግጣል። ባለፈው ሰሞን አንድ ገበሬ «በሬዬ ሞተብኝ» ብሎ ጻፈበት። ግሩፑ ተናወጠ። ግማሹ በሬ ሰው አይደለም ይነሣ አለ፣ ግማሹ ያዘነውን አትግፉት አለ። ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር። ደግነቱ ለዘንገናው አባት ደወልኩ።

«አልቅሷል ወይ?» አሉኝ።

«አልቅሷል ይላሉ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ይቆይ።»

ቆየ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሦስት ሰዎች ሄደን አጽናናነው። ድንች ቀቅሎ አበላንና ስለ በሬው ጠባይ ሁለት ሰዓት አወራን፤ ክፉ ተዋጊ ነበር አሉ።